ከ9 ሰዓት በኋላ ልጁ የማን ነው?

ኧረ እስከ መቼ? መዋዕለ ሕፃናቱ 9 ሰዓት አካባቢ ይለቃል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ የታክሲው ሰልፍ ይከተላል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት ሰፈር ሜክሲኮ፣ ከሳሪስ ፒያሳ ለሚመላለስ ወላጅ ይህ መሀል ያለው ጊዜ የዘወትር ጭንቀት ነው። አንድ ቀን ጎረቤት ትቀበልልናለች፣ አንድ ቀን አያት፣ ሌላ ቀን አለቃን ለምኖ መውጣት ነው። ጎረቤትም ትሰለቻለች፣ አያትም ጉልበቷ ይደክማል፣ አለቃም ፊቱ ይጠቁራል።

ጣጣው የሚጀምረው ገና ከአራስ ቤት ነው። ሐኪሞች ሕፃኑ እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ ይመክሩናል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ከወሊድ በኋላ ለእናቲቱ የሚሰጣት 90 ቀን ፈቃድ ነው። ታዲያ የሐኪሙን ምክር በምኗ ትፈጽመው? ለአባት የተሰጠው 3 ቀን ነው፤ አራስ ጠያቂው እንኳ በ3 ቀን መጥቶ አያልቅም።

በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዞ ነበር። ማቆያው የተከፈተላቸው እናቶች እፎይ ብለዋል። ሱቅ ውስጥ የምትሸጠው፣ ፋብሪካ የምትውለው፣ ምግብ ቤት የምታበስለውስ ልጇን የት ታኑር? ሞግዚት እንዳትቀጥር ደመወዟ ለቤት ኪራይም አልበቃ። ሥራዋን እንዳትተው ጓዳው ባዶ ነው።

በ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ደረጃ 2 ዓመት ሆኗል፤ ደግ ነው። ልጁ ግን 5 ዓመት እስኪሞላው ዝም ብሎ አይጠብቅም። የወሊድ ፈቃዱ ካለቀበት ቀን ጀምሮ እስከዚያ ያሉትን ዓመታት እያንዳንዱ ቤት እንደ ምንም ይወጣቸው ተብሏል። የግል ኬጂ ደጃፍ የቆመም በየክረምቱ የሚጠብቀው የክፍያ ጭማሪ ደብዳቤ ነው። የከፈለውም ቢሆን ከ9 ሰዓት በኋላ ያው ልጁን የሚያቆይለት ፍለጋ ይዞራል።

የምንለው የማይቻል ነገር አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ልጆቹ ከተለቀቁ በኋላ ባዶ ይሆናሉ፤ እስከ 12 ሰዓት ይከፈቱ። ሠልጥነው ሥራ ያጡ ወጣቶች አሉ፤ ደመወዝ ተቆርጦላቸው ልጆቹን ይያዙ። ማንም አይገደድ፤ አያት ያለችው ከአያት ጋር ያውል፣ የቸገረው ያስገባ። ድሃው በነፃ፣ ያለው እንደ አቅሙ ይክፈል። የእናት ፈቃድ 6 ወር ይሙላ፣ የአባትም ቀን ይጨመር።

ልጅ የሀገር ነው ሲባል በየመድረኩ እንሰማለን። እንግዲያው ሀገር ድርሻዋን ትያዝ፤ እናቶች ብቻቸውን ተሸክመውት ደክመዋል።