ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን

ከገርጂ እስከ ሰሚት ባዶውን የቆመ የመብራት ምሰሶ አይገኝም። «የሚከራይ ስቱዲዮ» ከሚለው ወረቀት በላይ ወይ በታች «ማትስ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚል አለ፤ ስልክ ቁጥሩ ተቀድዶ እንዲወሰድ ከግርጌው እንደ ጥርስ ተቆራርጧል። እኛም አንዱን ጥርስ ነቅለን ደወልን። የመጣው አምስት ኪሎ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የሚማር ከሲታ ልጅ ነው።

የአገራችን ኬሚስትሪ ሦስት ክፍል አለው፤ ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሥረኛ ክፍል የምትማረውን ልጄን የሚቀድማት የለም። ጥያቄው ላይ ያለውን ቁጥር ጊቭን ስር፣ የጥያቄ ምልክቷን ሪኳየርድ ስር ታሰፍርና ግማሽ ማርኳን ትለቅማለች። በዚህ ዘዴ ሳይገባው ክፍል ያለፈ ስንቱ ነው! ጉድ የሚፈላው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ጊቭንህን ዞር ብሎ የሚያይልህ የለም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉንም በጊቭን አላሳብብም፤ እጁ ግን አለበት ባይ ነኝ።

የዚያን ዕለት የቤት ሥራ፦ 4 ግራም ሃይድሮጅን በበቂ ኦክስጅን ቢቃጠል ስንት ግራም ውሃ ይገኛል? አስጠኚው ኢኩዌሽኑን ጻፈና «ባላንስ አድርጊው» አላት። ኦክስጅን በግራ ሁለት፣ በቀኝ አንድ። ልጄ ሳታቅማማ ከውሃው ኦ ግርጌ 2 ሸጎጠች።

«እሱን አትንኪ!» አለ ደንግጦ። «ይሄ እኮ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆነ፤ ቦሌ ፀጉር ቤት ፀጉር የሚያነጡበት። ቁጥሩ ከፊት ነው የሚገባው።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀና። የሃይድሮጅን አንድ ሞል 2 ግራም ነው፤ 4 ለ2 ሲካፈል ሁለት ሞል። ከሁለት ሞል ሃይድሮጅን ሁለት ሞል ውሃ ይወጣል። የውሃ አንድ ሞል 18 ግራም፤ ስለዚህ 36 ግራም።

ቡና ሲያፈሉ የነበሩት አማቴ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያን ሳምንት ደግሞ ፈረቃውም ቀርቶ ነበር።

«36 ግራም ምን ያህላል ልጄ?»

«የዚህችን ስኒ ግማሽ ቢሆን ነው፣ እማማ።»

«ለጀሪካንስ?»

ልጁ ጨዋ ነው፤ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ አሰላ። «ለባለ ሃያ ሊትሩ 2.2 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን፣ 17.8 ኪሎ ኦክስጅን።»

አማቴ በጣታቸው ደመሩ። «ታዲያ ያው ሃያ ኪሎ አይደል እንዴ! እኔ እኮ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ የሚቀል መስሎኝ።»

«ይሄማ የላቮዚየ ሕግ ነው!» ብሎ ብድግ አለ። «የገባው ክብደት ሁሉ ይወጣል፤ የሚጎድል የለም። በይ ጻፊው!»

ልጄ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ቲቸር፣ ጊቭን ስር ነው ሪኳየርድ ስር?»