ሽማግሌ የገባበት ቴአትር

ለከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ትወና ብርቁ አይደለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከኋላ በር አጠገብ ካለችው ወንበሬ ላይ ሆኜ ስንቱን ተዋናይ አሳልፌያለሁ! ኪሱን እየዳበሰ «አሁን እኮ እዚህ ነበረች» የሚለውን፣ ሒሳብ ሲጠየቅ እንቅልፉ የሚጠናበትን፣ መቀመጫ እንዲለቀቅላት የሰው ልጅ ተውሳ የምታቅፈውን። በዚያ ላይ ድምፄ ያለ ማይክሮፎን ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ የሰፈራችን ወጣቶች በወረዳው አዳራሽ ቴአትር ሊያሳዩ አስበው «ጋሼ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው አጣን» ሲሉኝ አላቅማማሁም።

የደረሰኝ ሚስቱን ከቤት የሚያባርር ክፉ ነጋዴ ነው። ሚስቴ ሆና የምትተውነው ልጅ ሲመሽባት ከልምምድ ትቀራለች። አዘጋጁ ታዲያ «ድሮ በነሀገር ፍቅር ዘመንም የሴቷን ቦታ ይዘው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ» ይልና የሰፈሩን ቡድን በረኛ ሻሽ አስሮ ያመጣልኛል። እውነቱን ለመናገር፣ እሱን ማባረር ይቀለኛል።

የድሮው ሥራዬ ግን አልለቀቀኝም። መድረኩ ሲጣበብ «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ!» ብዬ አንባረቅሁ። አዘጋጁ «ይሄ ድርሰቱ ላይ የለም» ቢልም ሁሉም ተጠጉ።

ጣጣው ያለው ቤት ነው። የልጅ ልጆችን ከትምህርት ቤት ማምጣትና እህል ማስፈጨት የኔ ድርሻ ስለሆነ ቃለ ተውኔቴን የማጠናው ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ነው። ባለቤቴ ግን «ሥራ ላይ እያለህ ታመሽ ነበር፤ ጡረታ ስትወጣ ማደር ጀመርክ» ትላለች። ማደሩ ግነት ነው። በታሪክ ላሳምናት ሞከርኩ፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ባለሥልጣን እንደነበሩ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲመረቅ የታየውን «ዳዊትና ኦርዮን» የደረሱት መኮንን እንዳልካቸውም ጠቅላይ ሚኒስትር እንደነበሩ ዘረዘርኩላት። ሥራም ቴአትርም ይቻላል ለማለት ነው። ሽንኩርቷን መክተፏን ሳታቆም «እነሱ አሽከር ነበራቸው» አለችኝ።

አንድ ማታ ጓዳ ገብቼ ዋናውን ትዕይንት ሳጠና «ዛሬውኑ ከቤቴ ውጪልኝ!» የምትለዋን በአውቶቡስ ድምፄ ለቀቅኳት። በማግስቱ ገና ቡናው ሳይፈላ የእድራችን ሊቀ መንበር ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከተፍ አሉ። «ምነው ልጄ? በዚህ ዕድሜያችሁ?»

ቴአትር መሆኑን ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ! ባለቤቴ አንዲት ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አደግድጋ ወጣችና «እንኳን መጣችሁ፤ እግዜር ነው የላካችሁ» አለች። ከዚያማ ከልጃችን ሠርግ ጀምሮ ያለው በደል ሁሉ ተራ በተራ ቀረበ፤ ከጓዳ ስለተሰማው ጩኸት ግን ማንም ያነሳ የለም። ብይኑም ወዲያው ተሰጠ፦ ከሁለት ሰዓት በፊት ቤት መግባት፣ ካሳ ደግሞ ባለ ጥለት ነጠላ።

ሲወጡ ሊቀ መንበሩ ወደ ኋላ ቀረት ብለው በጆሮዬ «ለመሆኑ እዚህ ቴአትራችሁ ውስጥ ሽማግሌ አያስፈልግም?» አሉኝ። አዘጋጁ በደስታ ተቀበላቸውና ነጋዴውንና ሚስቱን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ሆኑ።

ቴአትሩ የታየ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። የእርቁ ትዕይንት ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ገቡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ያጠኗትን ትተው እኔ ላይ አፈጠጡ። «እርቁ ይቆየን። መጀመሪያ ያ ነጠላ ተገዝቷል ወይ?»

ከፊት ረድፍ ባለቤቴ «አልተገዛም!» ስትል አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። አዘጋጁ ይቺ ነገር እጅግ ስለጣመችው በሚቀጥለው ዝግጅትም እንዳለች እንድትደገም ወስኗል። እኔም ለሙያው ካለኝ ክብር የተነሳ ነጠላውን እስካሁን አልገዛሁም።