የበዓል መጠጥን ከአደባባይ ለማንሳት የወጣ አዋጅ ቁጥር ዜሮ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ። በዋዜማ በግ የሚጎትት፣ ዶሮ ቁልቁል ያንጠለጠለ፣ የቢራ ሳጥን በባጃጅ የጫነ ሁሉ ለአንድ አፍታ ቆሞ ያድምጥ።

በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ በአደባባይ የሚጠጣው መጠጥ ልኩን ያለፈ ሆኖ ስለተገኘ፤ በበዓል ማግስት በየቢሮው ወንበር ላይ የተሰቀለው ኮት ከገባው ሠራተኛ ስለበለጠ፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ካወረደ፣ ዕድሜው 21 ላልሞላም እንዳይሸጥ ከከለከለ ወዲህ የቢራ ፋብሪካዎች በየሳሎኑ ብቅ እያሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለታቸውን ቢተዉም ሕዝቡ ጋባዥ ሳይጠብቅ መጠጣቱን ስለቀጠለ፤ ይህ አዋጅ ታውጇል። ቁጥሩ ዜሮ የሆነው ፓርላማ ስላላየው ነው፤ ወደፊትም ያየዋል ተብሎ አይጠበቅም።

አንቀጽ 1 «አደባባይ»ን ይተረጉማል። የአርቃቂ ኮሚቴው አባላት መጀመሪያ ያሰቡት ጎዳናን፣ መናፈሻንና የግሮሰሪ በረንዳን ነበር። ከዚያ አንዱ አባል እጁን አወጣና ግማሹ ግቢ ውስጥ፣ ግማሹ አስፋልት ላይ የተተከለ ድንኳን የት ይመደብ ሲል ጠየቀ። ሌላው ሰንበቴ ቤቱን አነሳ። ሦስተኛዋ አባል ደግሞ ነገሩን ጭራሽ አበላሸችው። በበዓል ቀን በሩ ከጠዋት እስከ ማታ ወለል ብሎ የሚውል፣ ጎረቤት ሳያንኳኳ የሚገባበት፣ የማያውቁት ሰው እንኳ «ግባ፣ ቅመስ» የሚባልበት ቤት በምን ሒሳብ የግል ሊባል ይችላል? ለሁለት ሰዓት ተኩል ክርክር ተደረገ። በመጨረሻ «አደባባይ ማለት በበዓል ቀን አገሩ በሙሉ ነው» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አንቀጽ 2 «መጠጥ»ን ይተረጉማል። ቢራ አላስቸገረም፤ ጠርሙስ አለው፣ ቆርኪ አለው፣ የአልኮል መጠኑ በጀርባው ተጽፏል። የአርሲ ነገሌ አረቄም ቢሆን በመለኪያ ስለሚቀዳ ይቆጠራል። ያስቸገረው ጋን ነው።

ነገሩን ለማጥራት አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ወደ አንድ ሰፈር ተላከ። በደረሰበት ቤት ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ጌሾውና ብቅሉ ገብቶ ነበር። «እማማ፣ ይሄ የአልኮል መጠጥ ነው?» አለ። «ኧረ ልጄ፣ ገና ጥንስስ ነው፤ ምኑ ይጠጣል?» ተባለ። በሳምንቱ ተመለሰ። እንኩሮው ገብቶ ድፍድፍ ሆኗል፤ ጋኑ አፉ ተለጉሟል። «አሁንስ?» «አልደረሰም።» በዋዜማው ማታ መጣ። «አልጠለለም።» በበዓሉ ዕለት ረፋድ ላይ ሲገባ ሴትዮዋ ከጣሳው ጥቂት መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ቀመሱና፣ «አሁንማ ጠላ ነው። ቁጭ በል፣ ቆመህ አይጠጣም» ብለው ሰጡት። የመጀመሪያው ሪፖርት «ናሙና ተወስዷል» ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የተላከው ሁለተኛው ሪፖርት «ለማረጋገጥ ሲባል ናሙናው በድጋሚ ተወስዷል» ይላል፤ የእጅ ጽሑፉም ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም።

ብርዝም ራስ ምታት ሆኗል። ማርና ውሃ ሲበጠበጥ ሕፃን የሚጠጣው ነገር ነው፤ ሳይጠጣ ከሰነበተ ግን ወደ ጠጅ መንገድ ጀምሯል። ስለዚህ ኮሚቴው «ብርዝ በተሠራበት ቀን ሕጋዊ ሲሆን፣ ሕገ ወጥ የሚሆነው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው» ለማለት ተገድዷል። ቀሪቦ ከአዋጁ ነፃ ነው። ለሙስሊም ጎረቤት ተብሎ በየበዓሉ ቤት የሚገባው ለስላሳም እንዲሁ።

አንቀጽ 3 ስለ «በሞቴ» ነው። በበዓል ቤት ሰው የሚጠጣው ወዶ ብቻ አለመሆኑ ተረጋግጧል። እንግዳው «በቃኝ» ሲል «በሞቴ» ይባላል፤ ብርጭቆውን በመዳፉ ሲከድን «አፈር ስሆን» ይከተላል፤ ከዚህም ካለፈ «እኔን ንቀህ ነው» የሚለው ይመጣል፤ ይህን ሰምቶ ብርጭቆውን ያላቀረበ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሕግ አዋቂዎች ጉዳዩን በግዳጅ ከተፈጸመ ድርጊት መድበውታል። ስለዚህ ጠጪው ነፃ ነው፤ ተጠያቂዋ አስገዳጇ ናት። ይሁንና አስገዳጇ የአብዛኞቹ የኮሚቴው አባላት እናት ወይም አክስት ሆና ስለተገኘች የቅጣቱ ንዑስ አንቀጽ ተሰርዟል።

አንቀጽ 4 የውጭ ተሞክሮ ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1927 ባወጣችው ሕግ በስቅለት ዓርብ መጠጥ ቤቶቿን ዘግታ፣ የከፈተቻቸው በ2018 ነው። በዚያው ሕግ የብሔራዊ በዓሏ የቅዱስ ፓትሪክ ቀንም ለዓመታት ደረቅ ሆኖ ሲከበር፣ በደብሊን መለኪያ በሕጋዊ መንገድ የሚነሳበት ቦታ የውሻ ትርኢት ነበር፤ በዚያ ቀን የውሻ ፍቅር በከተማዋ ያለ መጠን ይጨምር ነበር። ታይላንድ በአምስት የቡድሃ በዓላት ሽያጭ ከልክላ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአየር ማረፊያዎችና ለሆቴሎች ፈታ አድርጋዋለች። ሕንድ በጋንዲ ልደት መጠጥ ሻጩን ታዘጋለች። ኮሚቴው ክልከላዎቹን አንብቦ አድንቋል። ያጠናው ግን ልዩ ሁኔታዎቹን ነው። ከደብሊን በተገኘው ትምህርት መሠረት በዋዜማ በበግ ተራ ውስጥ፣ በግ ለመመልከት ብቻ ለመጡ ሰዎች፣ አንድ ድንኳን እንዲፈቀድ ሐሳብ ቀርቧል።

አንቀጽ 5 አጭር ነው፦ የጠጣ አይነዳም። በዚህ አንቀጽ ላይ ክርክር አልተነሳም። ጎረቤት ቤት ሦስት ዋንጫ ቀማምሶ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ከውሻ ጩኸት በቀር ያስነሳው አደጋ የለም፤ ያው ሰው መሪ ከጨበጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጋን ለጋን የሚዞረው ተቆጣጣሪ አበል፣ በበዓል ማታ የትንፋሽ መመርመሪያ ይዞ ለሚቆም ትራፊክ ፖሊስ ቢዞር እንደሚሻል አንዲት አባል በጽሑፍ አሳስባለች። ችግሩ ጠጥቶ መንዳት ድሮም የተከለከለ መሆኑ ነው፤ አዲስ ስላልሆነ ኮሚቴው ሊኮራበት አልቻለም። አንቀጹ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ወርዷል።

ቅጣትን በተመለከተ፣ አዋጁን የተላለፈ ሰው 12 ብርሌ በእጁ ያጥባል። የብርሌን አንገት የሚያውቅ ሰው ቅጣቱ ቀላል አለመሆኑን ይረዳል።

አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በበዓላት ቀን ብቻ የጸና ይሆናል። አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት በበዓላት ቀን ዝግ ነው። ተቆጣጣሪው ሦስተኛውን ሪፖርት እስካሁን አላስገባም፤ ስልክ ሲደወልለት ያነሱት ሴትዮዋ ናቸው፤ «ዶሮው እየቀረበ ነው፣ እናንተም ኑ» ብለው ዘግተዋል።