ቤዙና ቁምሳጥኑ

የእህቴ ልጅ ቤዝ ጊታር ሊገዛ ነው ሲባል ምክር ያልለገሰው የግቢው ውሻ ብቻ ነበር። ኪቦርድ የሚነካው ጎረቤት «ፌንደር ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን» አለ። ሊድ ጊታር የሚመታው ጓደኛው «አምስት ክር ውሰድ» ብሎ ፈረደ። ሌላው ደግሞ ቀዩ መድረክ ላይ እንደሚያምር መሰከረ። ቤዝ የሚመታ ሰው የጠየቀ ግን የለም። ቤዚስት ነገሩ እንዲህ ነው፤ እያለ ማንም ልብ አይለውም፣ የቀረ ቀን ነው «ዘፈኑ ዛሬ ምን ነካው?» የሚባለው።

ልጁ አምስት ክሩ ላይ ሙጭጭ አለ።

«ለምን?» ብለው «አጎቴ፣ ወደፊት ያስፈልገኛል» አለኝ።

ለጊዜው ከተለመዱት አራት ክሮች የቱ ሚ፣ የቱ ላ እንደሆነ አልለየም። ትዝታም ባቲም አምስት አምስት ድምፅ ስላላቸው ለያንዳንዱ አንድ ክር የሚደርስ መስሎት ይሆን ብዬም ጠርጥሬ ነበር። የሞታውን ሙዚቃ ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን ዓለምን ያስጨፈረው በአራት ክር፣ ያውም በቀኝ እጁ አንድ ጠቋሚ ጣት ነው። ፖል ማካርትኒም በፈረንጆቹ 1961 ሃምቡርግ ላይ ቫዮሊን የምትመስለዋን ሆፍነር ቤዝ ሲገዛ አንዱ ምክንያቱ ርካሽነቷ ነበር፤ 30 ፓውንድ ገደማ። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ «ያኔ ነዋ!» አለኝ።

ሜሪላንድ ያለችው እህታችን ትላክ ተባለ። ቤዝ ከጫፍ ጫፍ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ሻንጣ ክብደቱን ቢችል ርዝመቱን አይችልም። ባሏ ብልሃተኛ ነው፤ አንገቱን ከገላው ያያያዙትን አራት ብሎኖች ፈትቼ፣ ገላውን በአንድ መንገደኛ፣ አንገቱን በሌላ እልካለሁ አለ። ሁለቱ መንገደኞች በአንድ ዓመት ውስጥ ለመምጣታቸው ማን ዋስ ይሁን? ቀረ።

ሱቅ ሄድን። እኔ የሄድኩት ከፋይ ስለሆንኩ ነው። ሻጩ አንዱን አንስቶ በአውራ ጣቱ ሲቀጠቅጠው ሱቁ ተንቀጠቀጠ፣ ልጁም አፉን ከፈተ። የማረከው የሻጩ እጅ ነው፤ እጁ ደግሞ አይሸጥም። ልጁ አናጢ ጣውላ ሲመርጥ እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የቤዙን አንገት ከጭንቅላቱ በኩል ቁልቁል ቢያይ መጉበጡን ያውቅ ነበር። በየፍሬቱ አንድ አንድ ጊዜ ቢነካ የሚነዝረውን ይለይ፣ ክሩ ከፍ ብሎ ጣት የሚያቆስል መሆኑንም ይደርስበት ነበር። እሱ ግን ቤዙን አንግቶ መስታወት ፈለገ። እኔም ብሆን አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ያየሁት ዋጋውን ነው።

ሻጩ አቅማችንን ገምቶ ስኳየር አወጣ፤ ፌንደር ራሱ ለቀጭን ኪስ የሚያቀርበው ስም ነው። ልጁ የቤዙ ጭንቅላት ላይ «በፌንደር» የሚለውን ደቃቅ ጽሑፍ አቅርቦ አየና «ከሩቅ አይነበብም» ብሎ አዘነ። ደግነቱ ቀይ ነበር። ባለአራት ክሩን ገዛን፤ ያሳመነው ጀመርሰን አይደለም፣ የአምስቱ ዋጋ ነው።

ስንወጣ ሻጩ «አምፕሊፋየርስ?» አለ። ተያየን። ከዚያ ሁሉ አማካሪ አንድም ሰው ይህን ቃል አላነሳም ነበር።

ቤት እንደደረሰ ከቴሌቪዥኑ ስፒከር ጋር ሊያገናኘው ሲል እናቱ ደረሰችበት። ወፍራሙ ክር ሳይጫን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ዜና ለማንበብ የተሠራች ትንሽ ስፒከር ያንን ስትውጥ ልትቀደድ ትችላለች። አሁን የቤዙን ጭንቅላት ቁምሳጥኑ በር ላይ አስደግፎ ይመታል። እንጨቱ ድምፁን ይቀበለዋል፣ እውነቴን ነው፣ ያምራልም። እናቱ ነጠላዋን ለማውጣት ስትመጣ ግን «ቆይ፣ ይቺን ዙር ልጨርስ» ይላታል፤ እሷም በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።