ም/ቤት፦ የእዝባር ጠባይ በሐረር

የሐረር ጀጎል በሮች እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት ስም አላቸው። ሐረሪው «አስመዲን በሪ» የሚለው ለአማርኛ ተናጋሪው «ሸዋ በር» ነው። «በድሮ በሪ» «ቡዳ በር» ይሆናል፣ «ሱቁጣት በሪ» «ሰንጋ በር»፣ «አርጎብ በሪ» «ኤረር በር»፣ «አስሱም በሪ» ደግሞ «ፈላና በር»። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክ/ዘመን ያሠሩት ግንብ አምስት በር ነበረው፤ ስሙ ግን ከአሥር አያንስም። ከተማዋ በዚህ ተቸግራ አታውቅም። መንገደኛ የፈለገውን ስም ቢጠራ የሚደርሰው እዚያው በር ላይ ነው።

የሚያስቸግረው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስሙ አንድ፣ ነገሩ ብዙ ሲሆን። ለዚህ ዓይነቱ ችግር አማርኛ አንድ መሣሪያ አለው። ጋደል ብላ የቆመች ቀጭን መስመር ናት፤ ሰዋስው አዋቂዎች እዝባር ይሏታል።

እዝባር ቃል ታሳጥራለች ይባላል። አባባሉ ጥንቃቄ ይጎድለዋል። ፍርድ ቤት ፍ/ቤት፣ ጽሕፈት ቤት ጽ/ቤት፣ መሥሪያ ቤት መ/ቤት ሲባል ሳይነካ የሚቀረው «ቤት» ነው። ቤት መሆኑን ግን የተጠራጠረ አልነበረም፤ በሩም ጣራውም ከሩቅ ይታያል። አንባቢ ሊያውቅ የፈለገው ውስጡ ምን እንደሚሠራ ነበር። እዝባር የቆረጠችው ያንኑ ነው። የሚለየው ተጥሎ የማይለየው ይጠበቃል። ይህም ስሕተት ሳይሆን ሥርዓት ነው፤ በየደብዳቤው ላይ ማኅተም ተመትቶበታልና።

ከዚህ ሥርዓት ያመለጡ አሉ። ት/ቤት ለማንም ትምህርት ቤት ነው፤ ሌላ ትርጉም ለማግኘት የተደረገው ጥረት ሁሉ ፍሬ አላፈራም። ከስፌት መኪኖች ጩኸት ስሙን ባገኘው በሐረሩ መኪና ግርግር መንገድ «ል/ስፌት» ተብሎ ቢጻፍ ልብስ ስፌት እንጂ ሌላ አይሆንም። ሰፊ የት ላይ መቁረጥ እንዳለበት ስለሚያውቅ ይሆናል።

የዚህ ጥናት ዋና ናሙና ም/ቤት ነው። ለጋዜጠኛ ም/ቤት ምክር ቤት ነው፤ 547 መቀመጫ ያለው የሕዝብ ተወካዮች ም/ቤት፣ የፌዴሬሽን ም/ቤት፣ የሚኒስትሮች ም/ቤት። ለነጋዴ የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ም/ቤት ነው፤ መዋጮ የሚከፈልበት። ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ የእስልምና ጉዳዮች ም/ቤት አለ፤ ሕዝቡ መጅሊስ እያለ ስለሚጠራው ከእዝባር ጣጣ ድኗል። ለሰሌዳ ጸሐፊ ግን ም/ቤት ምግብ ቤት ነው። ቆርቆሮው አጭር ነው፤ ባለቤቱ የራሱም የአባቱም ስም በትልቁ እንዲጻፍ ይፈልጋል፤ ከግርጌ ስልክ ቁጥር አለ፤ ዳር ላይ የጭልፋ ሥዕል ይገባል። ስለዚህ አንድ ነገር መውደቅ አለበት። ከምግብ ቤቱ የሚወድቀው «ግብ» ነው፤ ከምክር ቤቱ የወደቀው «ክር» ነው። አንዱ ግቡን፣ ሌላው ክሩን ጥሎ ሁለቱም በ«ም» ተገናኙ።

ወታደር ሦስተኛ ንባብ ያመጣል። ሐረር ላይ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውና መጀመሪያ በሕንድ መኮንኖች የተመራው የቀ/ኃ/ሥ ጦር አካዳሚ ዕጩ መኮንኖቹን የሚያስመርቀው በም/መ/አ ማዕርግ ነበር፤ ምክትል መቶ አለቃ። ለጦር ሰው «ም/» ከምክትል ሌላ ትርጉም የለውም። በዚህ ስሌት ም/ቤት ምክትል ቤት ይሆናል። ምክትል ቤት ያላቸው ሰዎች በየከተማው እንዳሉ ቢታወቅም ጉዳዩ የቤተሰብ ሕግ ስለሆነ ጥናቱ አልፎታል።

ሐረር ለዚህ ናሙና የተመረጠችው በዘፈቀደ አይደለም። የሐረሪ ሕዝብ ክልል ም/ቤት አንድ ሆኖ ሳለ በውስጡ ሁለት ጉባኤ አለው። አንዱ 22 አባላት ያሉት የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ፣ ሌላው 14 አባላት ያሉት የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ነው፤ በድምሩ 36። ለብሔራዊ ጉባኤው ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ድምፅ የመስጠታቸው ነገር በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ሰሞን አከራክሮ እስከ ፍ/ቤት ደርሶ ነበር። ድምፅ የሚሰጥ የአዲስ አበባ ሐረሪ ም/ቤቱ ሐረር ነው፤ ምሳውን የሚበላበት ም/ቤት ግን አዲስ አበባ ነው። ሁለቱንም ባንድ ደብዳቤ ላይ መጥቀስ ካለበት ጸሐፊው ከእዝባር ይልቅ ካርታ ያስፈልገዋል።

ሁለቱን ም/ቤቶች በጠባያቸው መለየት ይቻል እንደሆነ ታይቷል። መቀመጫ በሁለቱም አለ፤ ጥሩው ቦታ ቀድሞ የተያዘ ነው። በአንዱ አጀንዳ ይነበባል፤ በሌላው አስተናጋጁ ፉል፣ ፈቲራ፣ ሳምቡሳ፣ የግመል ሥጋ እያለ በቃሉ ይዘረዝራል። ከተዘረዘረው ውስጥ ከፊሉ ለዛሬ እንደማይደርስ በሁለቱም ቤት የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። እጅ ማውጣትም የጋራ ነው፤ በአንዱ ለማጽደቅ፣ በሌላው ሒሳብ ለመጠየቅ። የተገኘው ልዩነት አንድ ብቻ ነው፤ በምግብ ቤቱ የቀረበው ነገር ካልተወደደ ይመለሳል።

መ/ቤት ከም/ቤት ይብሳል። ለቢሮ ሠራተኛ መሥሪያ ቤት ነው። ያው ሠራተኛ ፋይል ሲጠፋበት የሚሄደው መዝገብ ቤት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መ/ቤት በውስጡ መ/ቤት አለው። ለፋርማሲ ባለሙያ መድኃኒት ቤት፣ ለዘበኛ መሣሪያ ቤት፣ ለደላላ መኖሪያ ቤት፣ ለቧንቧ ሠራተኛ መታጠቢያ ቤት ነው። ሐረር በስሟ ቢራ የሚጠመቅላት ከተማ በመሆኗ መጠጥ ቤትንም መዝለል አይቻልም። እንግዲህ የሚከተለው ዓረፍተ ነገር ይነበብ፦ «ሠራተኛው ከመ/ቤት ወጥቶ፣ በመ/ቤት በኩል አድርጎ፣ አምሽቶ መ/ቤቱ ገባ።» ሰዋስዋዊ እንከን የለበትም። አለቃው ቢያነበው ትጉህ ሰው ነው፤ ከሥራ ወጥቶ መዝገብ ቤት ጎራ ብሎ ተመልሶ ቢሮው ገብቷል። ሚስቱ ብታነበው ግን ሌላ ሰው ነው።

ማ/ቤት ጉዳዩ ጠንከር ይላል። ደራሲ «ማ/ቤት ነው» ሲል ማተሚያ ቤት ማለቱ ነው፤ ዳኛ ሲል ማረሚያ ቤት ማለቱ ነው፤ የቤት እመቤት ስትል ማዕድ ቤት ማለቷ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሁለቱን የመጀመሪያ ትርጉሞች በቅደም ተከተል ያዳረሱ ጸሐፊዎች አሉ። ሐረር ራሷ ለማተሚያ እንግዳ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የካቶሊክ ሚስዮናውያን በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያወጡባት ነበር። ከሐረር ብዙም በማይርቀው በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ተፈሪ መኮንንም በኋላ አዲስ አበባ ላይ ብርሃንና ሰላም ማ/ቤትን አቋቁመዋል። ዳኛ ይህን ዓረፍተ ነገር ቢያነብ ለስሙ ማማር ሳይደነቅ አይቀርም።

ጠበቆች እዝባርን ከማንም በላይ ያከብራሉ። «የፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ.» ብለው ሲጽፉ አምስት እዝባር ባንድ ትንፋሽ ይወጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር ማለት ነው፣ የ1958ቱ። መሐል ላይ የተደረደሩት ሁለት «ሥ»ዎች በቀ/ኃ/ሥ ዘመን ለተማረ አዛውንት ሥላሴ ሥላሴ ተብለው ቢነበቡ አይፈረድበትም። ባለጉዳይ በዚህች ጽሑፍ ተረትቶ ቤቱን ሊያጣ ይችላል፤ በየትኛዋ ፊደል እንደተረታ ግን ማወቅ ይከብደዋል።

ለ«ክ/»ም እንዲሁ ነው። መምህር ክፍለ ጊዜ ይላል፣ የታሪክ ጸሐፊ ክፍለ ዘመን፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ክፍለ ከተማ። ሐረር ላይ ያረጀ ሰው ግን መጀመሪያ የሚታየው ክፍለ ጦር ነው፤ ጄ/ል አማን አንዶም የመሩት፣ ኮ/ል መንግሥቱ ኃ/ማርያምም ወደ ሥልጣን ከመምጣታቸው በፊት ያገለገሉበት 3ኛ ክ/ጦር መቀመጫው ሐረር ነበርና። ቀጥሎ ክፍለ ሀገር ይመጣል፤ ሐረርጌ።

ጦሩ ለዚህ ሁሉ መላ አበጅቷል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል ይዞ መሐሉን ይቆርጣል፦ ሻምበል ሻ/ል፣ ሻለቃ ሻ/ቃ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደመወዝ ስለሆነ ማንም ተሳስቶ አያነብም። ዶ/ር፣ መ/ር፣ ኢ/ር የመጡት በዚሁ ዘዴ ነው።

ዘዴው ሆ/ል ዘንድ ሲደርስ ይሰበራል። ሆስፒታል በ«ሆ» ጀምሮ በ«ል» ያልቃል፤ ሆቴልም እንዲሁ። «ራስ ሆ/ል» ሲባል ሐረሬው ሆቴሉን ያውቃል፣ «ሕይወት ፋና ሆ/ል» ሲባልም ሆስፒታሉን፤ እንግዳ ሰው ግን ስሞቹን ቢያፈራርቃቸው የሚያርመው ነገር ሰሌዳው ላይ የለም። እንዲያውም ሕይወት ፋና ለሆቴል አይከፋም። «ሰውዬው ሆ/ል አልጋ ይዟል» የሚል መልእክት ለዘመድ ቢደርስ ብርቱካን ይዞ መሄድ ወይም ቅር መሰኘት እኩል ተገቢ ነው። በሁለቱም ሆ/ል ሲገቡ ቅድሚያ ይከፈላል፣ መታወቂያ ይጠየቃል፣ አንሶላው ነጭ ነው። ልዩነቱ የሚገለጠው ሌሊት ነው፤ በአንዱ ተኝቶ ያደረን ሰው ቀስቅሰው መድኃኒት ይሰጡታል።

«ቤት» የሚለው ያልተቆረጠው ግማሽ አስተማማኝ ነው ብሎ የሚጽናና ካለ ራምቦ ቤትን ይጎብኝ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1891 እየተመላለሰ ሐረር ነግዷል። በስሙ የሚጠራው ባለ ፎቅ ቤት ግን እሱ ከሄደ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ራስ ተፈሪ ቤትም ሙዚየም ነው። እዝባር ጠብቃ ያቆየችው ግማሽ ይኸው ነው።

የችግሩ ሥር ስፋት ነው፤ የቆርቆሮ ስፋት። በሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው፤ አማርኛም ከሰሌዳ አልወረደም፤ እንግሊዝኛም ለቱሪስት ይጨመራል። ዩኔስኮ ጀጎልን ከ82 መስጊዶቿና ከ102 አዋቾቿ (ቅዱሳት ስፍራዎቿ) ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ከመዘገበ ወዲህ ቱሪስቱ የማይታለፍ አንባቢ ሆኗል። አራት ቋንቋ ባንድ ቆርቆሮ ላይ ሲሰለፍ የሚጨናነቀው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ኦሮምኛው ይሻላል ብሎ መገመትም አይቻልም። ፍርድ ቤት «መነ ሙርቲ» ነው፣ ምክር ቤት «መነ መሬ»፤ በላቲን ፊደል ቢያጥሩ ሁለቱም ኤም በእዝባር ኤም ይሆናሉ። ሕግ አውጪውና ሕግ ተርጓሚው ለመለያየት ሕገ መንግሥት ጽፈው ነበር።

በነገራችን ላይ እዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ የገባው «እ.ኤ.አ.» አንዲት ፊደል ተዛብታ «እ.ኢ.አ.» ብትሆን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጠፋል። ጥናቱ በዚህ ረገድ ተጠንቅቋል። ትእምርተ ሥላቅ ግን የትም ቦታ አልተጠቀመም፤ ያስፈለገበት አጋጣሚ አልነበረም።

የቀረው ጅብ ነው። የጀጎል ግንብ ከበሮቹ ሌላ ዝቅ ብለው የተከፈቱ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጅቦች በሌሊት የሚገቡ የሚወጡባቸው። ከግንቡ ውጭ በየምሽቱ ሥጋ በእንጨት ጫፍ እየተደረገ በስማቸው እየተጠሩ ይጎርሳሉ፤ ቱሪስቱ ከፍሎ ያያል። ይህ ያለ ጥርጥር ምግብ ቤት ነው። በዓመት አንድ ቀን ግን፣ ሙሐረም 10፣ በዓሹራ ሌሊት፣ ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። በልማዱ መሠረት መሪያቸው ቀምሶ ከግማሽ በላይ ከበላ መጪው ዓመት ጥጋብ ነው፤ ፊቱን ካዞረ ወይም ጠርጎ ከጨረሰው የክፉ ቀን ምልክት ነው። ገንፎ እስከበሉ ድረስ ምግብ ቤት ነው። ስለ መጪው ዓመት እስከወሰኑ ድረስ ምክር ቤት ነው፤ ውሳኔውም በዚያው ስብሰባ ያልቃል፣ ለቋሚ ኮሚቴ አይመራም።

ስለዚህ ም/ቤት የሚለው ጽሑፍ ሳይፈታ፣ እንደ ተጻፈ፣ ሁለቱንም ሆኖ ትክክል የሚሆንበት ቦታ ይህ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ሰሌዳ ግን አልተሰቀለበትም። ፈቃዱ ከንግድ ቢሮ ይውጣ ወይስ ከምርጫ ቦርድ የሚለው አልተወሰነም፤ አመልካቾቹም ካልመሸ ጀጎል አይገቡም። በዚያ ሰዓት መ/ቤት ሁሉ ተዘግቷል፤ ክፍት ሆኖ የሚያመሸው ሌላኛው መ/ቤት ነው።