ለወላጆቻችን እርጅና ስንት ወረቀት ይበቃል?

እዚህ እስራኤል ውስጥ ኪርያት ማላኪም ሂዱ፣ ገዴራም፣ ያቭኔም፣ ወላጅ ያረጀበት ቤት ሁሉ አንድ ፌስታል አይጠፋም። ውስጡ የመታወቂያ ኮፒ አለ፣ የሐኪም ደብዳቤ አለ፣ የባንክ ወረቀት አለ፣ ተሞልቶ የተመለሰ ቶፌስ (ቅጽ) አለ፣ ለምን እንደተመለሰ የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤም አለ። ሁሉም በዕብራይስጥ ነው። እናታችን አታነበውም፤ እኛም ይህን ያህል ዘመን እዚህ ኖረን ደጋግመን ካላየነው አይገባንም። ከሥራ አስፈቅደን እንሄዳለን፤ አንድ ወረቀት ጎድሏል እንባላለን። እሱን ይዘን እንመለሳለን፤ የፊተኛው ጊዜው አልፎበታል እንባላለን።

ከሁሉ የሚያንገበግበን የግምገማው ቀን ነው። የቢቱዋህ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን) የሲዑድ፣ ማለትም የእንክብካቤ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ አለ፤ ከ2018 መጨረሻ ወዲህ በስድስት ደረጃ ተከፍሏል። ገምጋሚ ቤት ድረስ ይመጣል። መታጠብ ትችላለች? መልበስስ? መብላትስ? መጸዳጃ ቤት መሄድስ? ለየመልሱ ነጥብ አለ፤ ነጥቡ ደረጃውን፣ ደረጃው የእንክብካቤውን ሰዓት ይወስናል። እናታችን ግን እንግዳ ይመጣል ከተባለች እንቅልፍ የላትም። ነጭ ቀሚሷን ልጇ አልብሳት፣ ሻሿን አስራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ትጠብቃለች። እንግዳዋ ስትገባ ግድግዳ ተደግፋ ብድግ ትላለች። እንዴት እንደሆነች ስትጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። «ራስሽ ትለብሻለሽ ወይ?» «እንዴታ!» «ታበስያለሽ?» «ተቀመጪ ልጄ፣ ቡና ላፍላልሽ።» ወጉን ጠበቀች፣ ክብሯን ጠበቀች፤ ነጥቡ ሄደ። ሌሊት የምናነሳት፣ መታጠቢያ ቤት የወደቀችው፣ እሳት ላይ የረሳችው ድስት፣ አንዱም ቅጹ ላይ አልሰፈረም። ልታስተረጉም አጠገቧ የተቀመጠች ልጅስ «እማዬ፣ ሽንት ያመልጥሻል ወይ?» ብላ በሰው ፊት ትጠይቃት? እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ አማርኛና ትግርኛ የሚያውቅ፣ የሽማግሌዎቻችንን ይሉኝታ የሚያውቅ ገምጋሚ ላኩልን።

ሰዓቱ ተፈቀደ እንበል። የሲዑድ ኩባንያው ተንከባካቢ ይልካል፤ እናታችን የእሷን ቋንቋ አታውቅም፣ እሷም የእናታችንን አታውቅም። የገዛ ልጇ በዚያው ኩባንያ ተቀጥራ እናቷን እንዳትንከባከብ ደንቡ ይከለክላል። ስለዚህ ልጅቱ በሥራዋ ላይ ያለ ክፍያ ትደርባለች፤ ለመድኃኒቱም፣ «ጨው አትብዪ» ለማለቱም፣ ለማታው ፍርሃትም የምትጠራው እሷ ናት። ተንከባካቢዋ ምንም ጥፋት የለባትም። ጨርሰው ሳይላመዱ ሌላ ትተካለች፤ እንደገና በምልክት መነጋገር ይጀመራል።

ዕድሜውም አለ። ወላጆቻችን በ1984ም ሆነ በ1991 ከኢትዮጵያ ሲገቡ ዕድሜያቸው በግምት ተጻፈ፤ ወርና ቀን የሌለበት መታወቂያ ሞልቷል። በጣልያን ጊዜ ነው የተወለድኩት የምትል ሴት በወረቀት ብዙ ዓመት ታንሳለች፤ የእናትና የበኩር ልጅ ዕድሜ የእህትማማች የመሰለበት ቤት አለ። ወንድ በ67 ነው የእርጅና አበል የሚያገኘው፤ የሴቷ ደግሞ ከ62 ወደ 65 እየተገፋ ነው። በስህተት አምስት ዓመት የተቀነሰባት እናት አምስት ዓመት ደረጃ ስትወለውል ትቆያለች ማለት ነው። ለማስተካከል በ1963ቱ የዕድሜ አወሳሰን ሕግ ፍርድ ቤት መሄድ፣ ምስክር ማምጣት ያስፈልጋል። ምስክሮቹ እኩዮቿ ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነው። ጡረታ ማጠራቀም ለሠራተኛ ሁሉ ግዴታ የሆነው ደግሞ በ2008 ነው። ከዚያ በፊት የተወለወለው ደረጃ፣ የታሸገው ካርቶን፣ የተለቀመው ብርቱካን ለብዙዎቹ ጡረታ ሳይያዝበት አለፈ።

ቤት ውስጥ መንከባከብ ሲያቅትስ? ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የጤና መድን ሕግ ሕክምናውን ለኩፓት ሆሊም (ለጤና መድን ድርጅቶቹ) ሰጥቶ የነርሲንግ ቤቱን ጣጣ ለጤና ሚኒስቴር ተወው። የነርሲንግ ቤት ወርሃዊ ዋጋ ከአሥር ሺህ ሼቄል በላይ ነው። ሚኒስቴሩ «ኮድ» የሚባለውን የክፍያ ድጋፍ የሚሰጠው የሽማግሌውንም፣ የባለቤቱንም ገቢ አይቶ ነው፤ ለዓመታት የልጆችም ገቢ ሲጠየቅ ኖሯል። ሰባት ልጅ ያለበት ቤት የሰባቱን የደመወዝ ወረቀት መሰብሰብ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። አንዱ ሰሜን ነው፤ አንዷ ስልክ አታነሳም፤ አንዱ ከወንድሙ ተኳርፏል።

ከሞት በኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል። ወላጆቻችን ያላቸው ሀብት በሚሽካንታ (በቤት ብድር) የገዙት፣ አሳንሰር የሌለው ሕንጻ ላይ ያለው ቤት ነው። በ1965ቱ የውርስ ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ግማሹ ለባለቤት፣ ግማሹ ለልጆች እኩል ይሆናል። አባት ሲሞት የሰባት ልጆች እናት በገዛ ቤቷ ከሰባቱ ጋር ባለድርሻ ናት፤ ከሰባቱ አንዱ ዕዳ ካለበት አበዳሪው በድርሻው ይመጣል። ወራሾቹም ወንድማማች መሆናቸውን ማስረዳት አለባቸው፦ አንዱ በአባቱ ስም፣ ሌላው በአያቱ ስም፣ ሦስተኛው በዕብራይስጥ ስም ተመዝግቧል።

ኑዛዜ ይጻፍ ስንል ሌላ ጣጣ። በእጅ የሚጻፈው ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት፤ ፊደል ላልቆጠሩ አባቶች ይህ አይሆንም። ለእነሱ ያለው መንገድ ሁለት ምስክር ፊት፣ ወይም ዳኛ፣ የውርስ መዝጋቢ ወይም ኖታሪዮን (ሰነድ አረጋጋጭ) ፊት መናዘዝ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ በኑዛዜው ዝግጅት እጁን ያስገባ ወራሽ የተናዘዘለትን ሊያጣ ይችላል። ሌላው ቢሮ ሁሉ «ልጅሽ ያስተርጉምልሽ» እያለ አለማምዶናል፤ እዚህ ግን ያ ያስተረጎመ ልጅ በድርሻው ላይ ክስ ሊነሳበት ይችላል። ውርሱ የማይነካው አስተርጓሚ ፈልጉ።

ወላጆቻችንም ይህን ስናነሳ «ገና ሳልሞት ልትካፈሉኝ ነው?» ይላሉ፤ እኛም ሟርት እንዳይሆን አፍረን እንተዋለን። ይሁንና ከ2017 ጀምሮ ዘላቂ ውክልና የሚባል አለ። ሰው አእምሮው ሳለ፣ ለዚህ በሠለጠነ ጠበቃ ፊት፣ ገንዘቡንና ሕክምናውን ማን እንደሚይዝለት ይፈርማል፤ ሰነዱ በአጠቃላይ ሞግዚት ቢሮ ይቀመጣል። እሱ ሳይፈረም የመርሳት በሽታ ከቀደመ የቤተሰብ ፍርድ ቤት መቆም፣ ሞግዚት መሾም፣ በየዓመቱ ሪፖርት ማቅረብ ይመጣል፤ ፌስታሉ ሌላ ፌስታል ይወልዳል። ኑዛዜውን ለበዓል ስትሰበሰቡ ቄሱም ሽማግሌውም ባሉበት አንሱት። ለውክልናው ግን በዓል አትጠብቁ፤ እናታችሁ ዛሬ አእምሮዋ ሙሉ ከሆነ ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ያዙ።