ስለ ዳንቴል ጠባይና ስለ ግዛቱ ስፋት የቀረበ ሐተታ

የአገራችን ሊቃውንት ስለ ሰማይ ከዋክብት፣ ስለ ባሕረ ሐሳብ ቀመርና ስለ ነገሥታት የትውልድ ሐረግ ብዙ ብራና ፍቀው፣ ብዙ ቀለም በጥብጠው ሲያበቁ፣ በየቤቱ ሳሎን ነግሦ ስለሚኖረውና ዕለት ዕለት ክርናቸውን ስለሚያሳርፉበት ስለ ዳንቴል አንዲት ምዕራፍ እንኳ ሳይተዉልን ማለፋቸው፣ ነገሩ ቢረቅቅባቸው እንጂ ንቀውት አይደለም ብለን በትሕትና እንገምታለን። ይህች ሐተታ ያን ጉድለት ለመሙላት የተጻፈች ስትሆን፣ መሠረቷም በአዲስ አበባ ከተማ የሚኖሩ፣ ስማቸውን የማንገልጸው አንዲት የእጅ ሥራ ባለሙያ እመቤት ሳሎን፣ ጓሮና አጥር ነው።

ዳንቴል በጣት ጫፍ ከምትታሰር አንዲት ቀለበት ይነሣል፤ ከዚያም ባለሙያዋ ጫፏ የቆለመመ ኪሮሽ ይዘው በዙሪያዋ ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ እየጨመሩ ሲሄዱ፣ ሥራው በመጨረሻ ክር ዳር ድንበሩን ያሰመረለት ታላቅ የቀዳዳ ጉባኤ ሆኖ ይፈጸማል። ዊልያም ሊ የተባለው እንግሊዛዊ የሹራብ መኪና የፈለሰፈው በ1589 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ከ400 በሚበልጡ ዓመታት ፋብሪካ ካልሲውንና ሹራቡን ከሰው እጅ ሲነጥቅ፣ ኪሮሽን ግን ሊነጥቅ ስላልቻለ፣ በገበያ የሚገኘው እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ዛሬም በእጅ የተሠራ ነው። የዚህ ምክንያት ለመሐንዲሶች የረቀቀ ቢሆንም ለእመቤቲቱ ግልጽ ነው፤ «መኪና ቡና እየጠጣ አይሠራማ» ይላሉ።

የዳንቴልን አገልግሎት አባቶቻችን መጻሕፍትን በሚፈቱበት በአንድምታ ሥርዐት ብንመረምረው ሦስት ትርጓሜ ይወጣዋል። አንድም ዕቃን ከአቧራ ሊጋርድ ነው ይላሉ፤ ነገር ግን ሥራው ከሞላ ጎደል ቀዳዳ ስለ ሆነ፣ አቧራውም እንደ ልቡ ስለሚያልፍበት፣ ይልቁንም ዳንቴሉ ራሱ ከአቧራ ይጠበቅ ዘንድ በጠረጴዛው ላይ መስተዋት፣ በሶፋው ላይ ላስቲክ ስለሚደረብለት፣ ጠባቂውን ጠባቂ የሚያሻው ይህ ትርጓሜ በጉባኤ ፊት የሚቆም ሆኖ አላገኘነውም።

አንድም ለክብር ነው ይላሉ፤ ይህኛው ጽኑ መሠረት አለው። ታቦቱ በመጎናጸፊያ ይሸፈናል፤ ጻሕሉና ጽዋው በማኅፈድ ይከደናሉ፤ ዳዊቱ በማኅደር ይገባል፤ ንጉሡም ማዕድ ሲቀርቡ በመጋረጃ ይጋረዱ ነበር። እንግዲህ በእኛ አገር የከበረ ሁሉ የተሸፈነ ነው ብሎ የጀመረ ሰው፣ የተሸፈነ ሁሉ የከበረ ነው ብሎ ለመጨረስ አንድ ስንዝር ብቻ ይቀረዋል፤ እመቤቲቱም ይህችን ስንዝር ያለ ጭንቅ ተሻግረው ራዲዮኑን፣ ስልኩን፣ ፍሪጁን፣ የሶፋውን ትከሻ፣ በመጨረሻም የጋዙን ሲሊንደር በየማዕረጋቸው አልብሰዋቸዋል። ሲሊንደሩ በምን ሙያው ለዚህ ክብር እንደ በቃ ብንጠይቃቸው፣ «ታዲያ ራቁቱን ይቁም እንዴ፣ ልጄ?» ስላሉን፣ ነገሩ ከክብር አልፎ ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ ወደ ሆነው የታረዘን ወደ ማልበስ ሊሻገር እንደሚችል በኅዳግ መዝግበናል። ሦስተኛው ትርጓሜ ከአዕዋፍ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ መስክ የተመዘገበው ታላቅ የታሪክ መናወጥ በቴሌቪዥን ሳቢያ የመጣው ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ ቀስ በቀስ ወደየቤቱ ሲዛመት፣ ሆዱ የሰፋ፣ ጀርባው የወጣ፣ አናቱም ጠፍጣፋ ስለ ነበር፣ ለዳንቴል እንደ ተቆረሰ ርስት ተቆጠረ፤ ከፊት የሚንጠለጠለው ዘርፍ የዜና አንባቢውን ግንባር እስከ ቅንድቡ ቢጋርደውም፣ ቤተሰቡ ዘርፉን ከመግለጥ ይልቅ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ማየትን መረጠ። ኋላ ቀጭኑ ቴሌቪዥን መጥቶ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ዳንቴል በአንድ ጀምበር ከርስቱ ተነቀለ፤ ለጥቂት ጊዜም በመሳቢያ ውስጥ በግዞት ከቆየ በኋላ፣ በእመቤቲቱ ብርታት በሪሲቨሩ ላይ ዳግመኛ ነግሦ፣ ሪሲቨሩ በሙቀት እየተጨነቀ፣ ቤተሰቡም ሥርጭቱ ለምን እንደሚቋረጥ እየተጠያየቀ ይኖራል።

የዳንቴል ጥበብ ከሥነ ሒሳብ ጋር ያለው ዝምድናም ሊታለፍ አይገባም። በየዙሩ የሚጨመረው ቁጥር ልክ ሲሆን ሥራው ዝርግ ይሆናል፤ ሲያንስ ይጎደጉዳል፤ ሲበዛ ደግሞ ዳሩ እየተጥመለመለ ይሞገዳል። የሒሳብ ሊቃውንት ይህን የተሞገደ ገጽ ሃይፐርቦሊክ ብለው ሰይመው ከመቶ ዓመት በላይ በሐሳባቸው ሲያመላልሱት፣ በእጅ የሚዳሰስ፣ ቶሎም የማይቀደድ ምሳሌ አጥተው በወረቀት ሲቸገሩ ኖረው፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረችው የላትቪያ ተወላጅ ዳይና ታይሚኛ በ1997 እ.ኤ.አ. በኪሮሽ ሠርታ አስጨበጠቻቸው። እመቤቲቱም ከዚሁ ወገን የሚቆጠር፣ ዳሩ በስኳር ውሃ ደርቆ የቆመ አንድ ሥራ በመስኮቱ ሥር ስላላቸው፣ ይህ ሃይፐርቦሊክ ገጽ መሆኑን በአክብሮት ብንነግራቸው፣ «አይ፣ የአበባ ማስቀመጫ ነው» ሲሉ አርመውናል።

ይህ የስኳር ውሃ ጉንዳኖችን ከጓሮ ወደ ሳሎን ስለሚጠራ፣ ተመራማሪውም የእነርሱን ሰልፍ ወደ ኋላ ተከትሎ ከመውጣት ሌላ መንገድ የለውም። በጓሮው የሚታየው ሥርዐት ከሳሎኑ አይለይም፤ የደረጃው መወጣጫ፣ የግንቡ አናትና የጉድጓዱ ክዳን ሳይቀሩ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ በቀለም ባልዲና አንገቱ በተቆረጠ ጀሪካን ተሸፍነዋል፤ በእነዚህም ውስጥ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳር፣ ለምች የተጠበቀ ዳማ ከሴና አንዲት ኩሩ ጽጌረዳ ይኖራሉ። አንዲት የጎረቤት ልጅ መጥታ፣ «እማማ፣ እናቴ ለቡናው ጤና አዳም ይስጡኝ ብላለች» ስትል፣ «ቅጠፊ፤ ነቅለሽው እንዳትሄጂ ብቻ» ይሏታል፤ የሰፈሩም የእጽዋት ሥርጭት የሚተዳደረው በዚህች አጭር ድንጋጌ ነው።

ወደ ሦስተኛው ትርጓሜ ያደረሰን ግን አጥሩ ነው። እመቤቲቱ አንድ ቀን አጥበው በሰንሰሉ ላይ ካሰጧቸው ዳንቴሎች መካከል አንዱን ጭልፊት ነጥቆ ወደ ባሕር ዛፉ ጫፍ ስለ ወጣ፣ ሰፈሩ ወፉን በሌብነት ሲከስ፣ እኛ ግን በ2011 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመውን፣ በስፔን አገር በዶንያና ምድር ስለሚኖሩ ጥቁር ጭልፊቶች የተደረገውን ምርምር አስታወስን። በዚያ እንደ ተገለጸው ጭልፊቶቹ ጎጇቸውን በላስቲክ ያስጌጣሉ፤ ከላስቲክም ነጩን ያስበልጣሉ፤ አብዝተው የሚያስጌጡትም በዕድሜ ያልደከሙ፣ መልካም ግዛት የያዙና ጉልበታቸው የጸና ናቸው፤ ሌላውም ጭልፊት ጌጡን አይቶ ከመዳፈር ይታቀባል። እንግዲህ አንድም ለግዛት ነው እንላለን፤ እዚህ ቤት የምትገባ ጎረቤት ሁሉ ዓይኗን ከፍሪጁ ወደ ሶፋው፣ ከሶፋው ወደ ሲሊንደሩ ካዞረች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በወንበሩ ጫፍ ላይ መቀመጧ ለዚህ ምስክር ነው። እመቤቲቱም ስለ ተነጠቀው ዳንቴል ሲናገሩ፣ «ደግሞ የመረጠው! እጅግ የደከምሁበትን!» ባሉ ጊዜ፣ በቃላቸው ውስጥ ቁጣና የባለሙያ ኩራት እኩል ተመዝነው ይሰማሉ።

እነዚህን ሁሉ አዋሕደን የደረስንበት ሕግ የሚከተለው ነው፦ በአንድ ግቢ ውስጥ አናቱ የሚመች ሆኖ ካለበት የማይነቃነቅ ማናቸውም ፍጥረት ወይም ዕቃ፣ ጊዜው ይዘግይ እንጂ፣ መሸፈኑ አይቀርም። የሕጉን እውነተኛነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከመስኮቱ ሥር የማይነሡት የእመቤቲቱ ባለቤት ያጸናሉ፤ በመጀመሪያ የወንበራቸው መደገፊያ፣ ቀጥሎ ክርናቸውን የሚያሳርፉበት ግራና ቀኝ፣ በቅርቡም ለብርድ ነው ተብሎ ጉልበታቸው ተሸፍኗል፤ እርሳቸውም ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው በመያዝ የቀረውን ግዛት ይከላከላሉ። እኛም ማስታወሻ ስንጽፍ በአንድ ወንበር ላይ ብዙ ሰዓት በመቆየታችን፣ እመቤቲቱ ኪሮሻቸውን ገታ አድርገው የትከሻችንን ስፋት በዓይናቸው ሲለኩ ስላየን ምርመራው በዚሁ ተፈጽሟል፤ ከእንግዲህ ወዲያ ይህን ጥናት የሚቀጥሉ ሊቃውንትም ሥራቸውን በቁማቸው፣ የተቻለም እንደ ሆነ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደዱ፣ እንዲያከናውኑ አጥብቀን እንመክራለን።